ከሦስቱ ቼኮች ጋር የመጣው ሌላው ገንዘብ



ኮሮና በገባ ሰሞን ቤታችሁ ድረስ የመጣውን ቼክ መቼም አትረሱትም። መጀመሪያ 1,200 ዶላር መጣ። ቀጥሎ 600፣ በመጨረሻም 1,400። አንዱ የቤት ኪራይ ከፈለበት፣ ሌላው አገር ቤት ላሉት እናቱ ላከው፤ መንገዱ ጭር ያለበት ታክሲ ነጂ የመኪናውን ዕዳ ዘጋበት። «ስቲሙለስ» ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደዚያ ቼክ ይሄዳል። እነዚያን ሦስት ቼኮች የፈቀዱት ሦስት ሕጎች ግን ለልጆቻችን ትምህርት ቤቶችም ገንዘብ መድበው ነበር። የዛሬው ጉዳያችን እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ሕግ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ማርች 27 ቀን 2020 ፈረሙት፤ ቀንና ዓመት የምጠራው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህ ሕግ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች 13.2 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የወጣው ሁለተኛው ሕግ 54.3 ቢሊዮን ጨመረ። ሦስተኛው፣ ፕሬዚዳንት ባይደን ማርች 11 ቀን 2021 የፈረሙት፣ 122 ቢሊዮን አመጣ። በድምሩ ወደ 190 ቢሊዮን ዶላር ነው። በዚያን ጊዜ በመላው አሜሪካ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ 49 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር፣ እኩል ቢካፈል ኖሮ ለእያንዳንዱ ልጅ ከ3,800 ዶላር በላይ ይደርሰው ነበር። ሦስት ልጅ ያለው ቤት በልጆቹ ስም ከ11,000 ዶላር በላይ መጥቶለታል ማለት ነው። የ1,400 ዶላሩ ቼክ ሲዘገይ በየቀኑ የፖስታ ሣጥን የከፈትን ሰዎች፣ ይህንን ገንዘብ «የት ደረሰ?» ብለን የጠየቅን ስንት ነን?

በእርግጥ እኩል አልተካፈለም፤ እኩል እንዲካፈልም አልታሰበም። የተከፋፈለው «ታይትል ዋን» በሚባለው የቆየ ቀመር ነው። ይህ ቀመር የድሃ ቤተሰብ ልጅ ወደሚበዛበት የትምህርት ወረዳ ብዙ ገንዘብ ይልካል። የሥራ ኃላፊዎቹ የእንግሊዝኛ ስሙን መጀመሪያ ፊደሎች ገጣጥመው ገንዘቡን «ኤሰር» ይሉታል። ከዋሽንግተን ወደ ግዛቱ ሄደ፤ ግዛቱ ከ100 ዶላር ቢበዛ 10 ዶላር አስቀርቶ ቢያንስ 90ውን ለትምህርት ወረዳዎች አስተላለፈ። በድህነት የተጎዳችው የዲትሮይት ከተማ ትምህርት ቤቶች በሦስቱ ዙር በጠቅላላ ወደ 1.27 ቢሊዮን ዶላር አግኝተዋል። ለአንድ ተማሪ ሲሰላ ከ20,000 ዶላር በላይ ነው። ሀብታም ሰፈር ያለ ወረዳ የዚያን ኢምንት ነው ያየው።

ይህ የፌዴራል ገንዘብ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለማየት፣ በደህናው ጊዜ ትምህርት ቤቱ በማን ገንዘብ እንደሚተዳደር ማወቅ ያስፈልጋል። የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ነው። የተቀረውን ግዛቱና የአካባቢው አስተዳደር ይሸፍኑታል፤ የአካባቢው ድርሻ በአብዛኛው የሚመጣው ከቤት ግብር ነው። ቤት የገዛችሁ በየዓመቱ ትከፍሉታላችሁ፤ ተከራዮቹም በኪራያችሁ ውስጥ ትከፍሉታላችሁ። በሌላ አነጋገር፣ ሁልጊዜ ዳር ቆሞ ጥቂት የሚያዋጣው ዘመድ በድንገት ከረጢት ሙሉ ገንዘብ ይዞ መጣ።

ይዞ ሲመጣ ምን አለ? ብዙም አላለም። በሦስተኛው ሕግ መሠረት ወረዳው ከሚያገኘው ቢያንስ 20 በመቶውን ልጆች ላመለጣቸው ትምህርት ማካካሻ ማዋል ነበረበት፤ እንደ ሰመር ትምህርት፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ማስጠናት፣ የትምህርት ቀንን ማራዘም ያሉትን ማለት ነው። የቀረው 80 በመቶ በጣም ሰፊ በር ነበር። ንጽሕና፣ የአየር ማስተላለፊያ፣ ኮምፒውተር፣ የአእምሮ ጤና አማካሪ፣ የሕንፃ ጥገና፤ በመጨረሻም ትምህርት ቤቱ ሥራውን እንዲቀጥል የሚያስፈልግ ማንኛውም ነገር። «ማንኛውም ነገር» የሚል ቃል ሕግ ውስጥ ሲገባ፣ የሚወስነው ሰው የተቀመጠበትን ክፍል መፈለግ ነው።

ያ ክፍል ኮንግረስ ውስጥ የለም። ያለው በወረዳው የትምህርት ቦርድ አዳራሽ ነው። የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት በ2021 ባወጣው ደንብ፣ ወረዳው ገንዘቡን በምን እንደሚያውል ዕቅድ እንዲያዘጋጅ፣ ዕቅዱንም ከማውጣቱ በፊት ተማሪዎችን፣ ወላጆችን፣ መምህራንን፣ እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚቆረቆሩትን ሁሉ እንዲያማክር አዝዟል። ዕቅዱ በተቻለ መጠን ወላጅ በሚገባው ቋንቋ እንዲጻፍ፣ ያ ካልተቻለ በቃል እንዲተረጎምለትም ይላል። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ደግሞ ይህ ለእኛ የወረቀት ላይ ወግ አይደለም። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ማስታወቂያ ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያም እንዲሁ። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶቹ በአማርኛም ያገለግላሉ። ስለዚህ የምናገረው ስለ መብት ነው፤ ለምኑ አላልኳችሁም።

አሁን አንድ የራሴን ገጠመኝ ልንገራችሁ። በ2021 ሰመር ላይ በዙም የተደረገ የአንድ ወረዳ የሕዝብ መድረክ ገባሁ። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ ከሌሎቹ የተለየ ጥፋት አላጠፋም። ለውይይት የቀረበው ገንዘብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ከቦርዱ አባላትና ከሠራተኞቹ ውጭ ስክሪኑ ላይ የቆጠርኩት ሰው አሥራ አንድ ነው። ከአሥራ አንዱ አራቱ ስለ ማስክ ሊከራከሩ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። ለአንድ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። አማርኛ የሚያስተረጉም አልነበረም፤ እንዲኖርም የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ይህን የምነግራችሁ ጥፋቱን ሁሉ በነሱ ላይ እንዳላላክክ ነው። አገር ቤት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት (ወተመህ) ሲጠራ ሥራችንን ጥለን የምንሄድ፣ ለመማሪያ ክፍል ቆርቆሮ የምናዋጣ ሰዎች፣ እዚህ ስንመጣ ትምህርት ቤቱን ለመንግሥት ትተነው እኛ ለትርፍ ሰዓት ሥራ ሮጥን።

ገንዘቡ በምን ዋለ? ከትምህርት ቤት መደበኛ ወጪ ከ100 ዶላር ወደ 80 የሚጠጋው ደሞዝና ጥቅማ ጥቅም ነው። ስለዚህ ከውጭ የገባውም ገንዘብ ብዙው ወደዚያው ፈሰሰ። ተጨማሪ መምህር፣ ነርስ፣ አማካሪ ተቀጠረ፤ ያሉት እንዳይለቁ ጉርሻ ተሰጠ። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ልጅን የሚያስተምረው ሰው ነው።

ሌላው ትልቅ ወጪ አየር ነው። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በጁን 2020 ባወጣው ጥናት፣ ከአገሪቱ የትምህርት ወረዳዎች 41 በመቶው ቢያንስ በግማሽ ትምህርት ቤቶቻቸው የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተላለፊያ መሣሪያቸውን መለወጥ ወይም ማደስ እንደሚያስፈልጋቸው ገምቷል። ወደ 36,000 ትምህርት ቤት ማለት ነው። ይህ ኮሮና ያመጣው ችግር አልነበረም፤ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የተንከባለለ ዕዳ ነው። ዲትሮይት ካገኘችው 700 ሚሊዮኑን ለሕንፃ መደበች። አንዳንዱ ሰው «ለልጅ ትምህርት የመጣ ገንዘብ እንዴት በጣሪያና በቦይለር ያልቃል?» ብሎ ተቆጣ። እኔ ከዲትሮይት ጋር ነኝ። በክረምት ካፖርት ለብሶ የሚማር ልጅ ምን ይገባዋል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ የሚመጣ ገንዘብ አንድ ጊዜ ለሚሠራ ነገር መዋሉ የጤናማ ቤት አስተዳደር ነው። ቦይለር በየወሩ ደሞዝ አይጠይቅም።

ሁሉም ግን እንደ ዲትሮይት አላሰበም። በቴክሳስ የምትገኘው ማካለን 4 ሚሊዮን ዶላሩን ከከተማው የወፍ መመልከቻ ማዕከል ጋር ለተያያዘ የውጭ መማሪያ ስፍራ መደበች። በዊስኮንሲን አንድ ወረዳ ደግሞ የእግር ኳስ ሜዳውን ሰው ሠራሽ ሣር አለበሰ፤ የኛን ሳይሆን የነሱን እግር ኳስ። ሣሩን በቀጥታ በኤሰር ገንዘብ አልገዛም። የኤሰሩን ገንዘብ ለመደበኛ ወጪው አዋለና፣ ለዚያ ተይዞ የነበረውን የራሱን በጀት ወደ ሜዳው አዞረ። ይህን ዘዴ ቆም ብለን እንየው፤ የመንግሥት ድጎማ ባለበት ሁሉ ይኖራልና። ወንድምህ ለቤት ኪራይ ብሎ 1,000 ዶላር ላከልህ። ኪራዩን በሱ ከፈልክ፤ በደሞዝህ ደግሞ ለሠርግ የሚሆን ሱፍ ገዛህ። ለወንድምህ የምታሳየው የኪራይ ደረሰኝ እውነተኛ ነው፤ ኦዲተር ቢመጣም አንድ ስሕተት አያገኝም። ሱፉን የገዛው ግን ማነው? ስለዚህ «የፌዴራሉ ገንዘብ በምን ዋለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የሚጠየቀው «ይህ ገንዘብ ባይመጣ ኖሮ የማትሠሩት ምን ሠራችሁ?» ተብሎ ነው። የደረሰኙን መልስ ማንም ይሰጣችኋል። የሁለተኛውን መልስ ለማግኘት የዘንድሮውን በጀት ከአምናው ጎን አስቀምጦ ማንበብ ይጠይቃል።

ገንዘቡ ቀነ ገደብ ነበረው። የመጨረሻው ዙር እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ድረስ ውል መታሰር ነበረበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። ሁሉም ወረዳ በአንድ ሰሞን መምህር ሲፈልግ መምህር ጠፋ፤ ሁሉም በአንድ ሰሞን የአየር መሣሪያ ሲያዝ መሣሪያው እስኪመጣ ዓመት ፈጀ። ሻጮች ግን አልጠፉም። የሚሸጡት ነገር ቶሎ የሚከፈልበት፣ ሰው መቅጠር የማያስፈልገው፣ በሪፖርት ላይ የሚያምር ነበር። ከነዚህ አንዱ ተማሪው ሲፈልግ በኢንተርኔት አስጠኚ የሚያገኝበት አገልግሎት ነው። በካሊፎርኒያ በአንድ የቻርተር ትምህርት ቤቶች መረብ ላይ የተደረገ ጥናት፣ ይህን አገልግሎት አንድ ጊዜ እንኳ የከፈተው ተማሪ 19 በመቶው ብቻ እንደነበረ አገኘ። ከሁሉ ያነሰ የተጠቀሙበትም በውጤታቸው ደካማ የነበሩት ናቸው። እናት ይህንን ያለ ጥናት ታውቀዋለች፤ ሒሳብ የከበደው ልጅ ራሱ ተነሥቶ ሒሳብ አስጠኚ አይጠራም። የሚሠራው ማስጠናት በትምህርት ሰዓት ውስጥ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሦስት ወይም አራት ልጅ ይዞ፣ ያው አስጠኚ ሳይለወጥ የሚሰጠው ነው። ያ ደግሞ ለማደራጀት አድካሚ ነው፤ የሰው ኃይል ይፈልጋል፤ በቸኮለ ሰው እጅ አይሠራም።

ታዲያ ልጆቹ ተጠቀሙ? በአገር አቀፉ ፈተና የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ውጤት በ2019 እና በ2022 መካከል በ8 ነጥብ ወረደ፤ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ከዚያ በፊት አልታየም። በ2024 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች፣ አንደኛው የሃርቫርዱ ቶማስ ኬን እና የስታንፎርዱ ሾን ሪርደን፣ ሁለተኛው ዳን ጎልድሃበር እና ግሬስ ፋልከን፣ ለየብቻ ሠርተው ተቀራራቢ መልስ ይዘው መጡ። በአንድ ተማሪ የወጣ 1,000 ዶላር በሒሳብ የአንድ የትምህርት ዓመትን 3 በመቶ ያህል መልሷል፤ በቀን ሲቆጠር 6 የትምህርት ቀን ገደማ ነው። አማካዩ ተማሪ በሒሳብ ያጣው ግን ግማሽ ዓመት ነበር። እንግዲህ ፍረዱ። ባከነ ማለት ሐሰት ነው፤ ውጤት አለው፣ ተለክቷል። የጠፋውን መለሰ ማለትም ሐሰት ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ጥናት ላንሣ። ኪራቦ ጃክሰን፣ ሩከር ጆንሰንና ክላውዲያ ፐርሲኮ በ2016 ባሳተሙት ሥራ፣ ለአንድ ልጅ የሚወጣው ገንዘብ በትምህርቱ 12 ዓመት ሁሉ በየዓመቱ በ10 በመቶ ቢጨምር፣ ያ ልጅ አድጎ ሲሠራ ደሞዙ በ7 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳዩ፤ ጥቅሙም ለድሃ ቤት ልጅ ይበልጥ ይጎላል። ያ ልጅ 12 ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ አገኘ። ኤሰር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎርፎ አለፈ።

ሲያልፍ የሚሆነውን ደግሞ አሜሪካ አስቀድማ አይታው ነበር። በ2009 የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የማነቃቂያ ሕግ ለትምህርት ወደ 100 ቢሊዮን ዶላር አመጣ። ከዚያ ውስጥ 53.6 ቢሊዮኑ የግዛቶችን በጀት ለማረጋጋትና የመምህራንን ሥራ ለማዳን የታሰበ ነበር፤ አዳነም። ገንዘቡ ሲያልቅ ግን የግዛቶቹ ግብር ገና አላገገመም ነበር። ዋይት ሀውስ ራሱ በ2012 ባወጣው ዘገባ በአካባቢ ትምህርት ቤቶች ከ300,000 በላይ ሥራ እንደጠፋ ቆጠረ። የበጀት ሰዎች ይህንን «ገደል» ይሉታል። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2024፣ ብዙ ወረዳ በኤሰር ገንዘብ ቋሚ ሠራተኛ ቀጥሮ እዚያው ገደል አፋፍ ላይ ተገኘ። በዚያ ላይ የተማሪው ቁጥር ከኮሮናው በፊት ከነበረበት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀንሶ ነበር። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ውል የታሰረበትን ሥራ ከፍለው ለመጨረስ ብዙ ግዛቶች እስከ ማርች 2026 የሚደርስ ተጨማሪ ጊዜ ተፈቅዶላቸው ነበር። ማርች 28 ቀን 2025፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አዲሷ የትምህርት ሚኒስትር ሊንዳ ማክማሆን ደብዳቤ ጻፉ፤ የተፈቀደው ጊዜ በዚያው ቀን ማብቃቱን አስታወቁ። ሥራው ተሠርቷል ወይም ተጀምሯል፤ ገንዘቡ ግን የለም። ለሜሪላንድ ብቻ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሜሪላንድን ጨምሮ ግዛቶች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በሜይ አንድ የኒውዮርክ ፌዴራል ዳኛ እግድ ሰጡላቸው፤ በጁን መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ውሳኔውን አነሣ። ገንዘቡ ተመለሰ። ነገር ግን በነዚያ ሦስት ወራት አንድ የወረዳ ሒሳብ ሹም ለኮንትራክተሩ፣ ለአስጠኚው፣ ለሰመር ትምህርት ቤቱ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስቡት። የውጭ ገንዘብ እንደሰጪው ፈቃድ ነው።

ከእንግዲህ ኤሰር የሚባል ገንዘብ አይመጣም። ሌላ ቀውስ ሲመጣ ግን ሌላ ስም ያለው ገንዘብ ይመጣል፤ በ2009 መጥቷል፣ በ2020 መጥቷል። እስከዚያው ደግሞ መደበኛው በጀት በየዓመቱ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሁለት ደቂቃ ይወሰናል። ከናንተ የምለምነው ብዙ አይደለም። ከየቤታችሁ አንድ ሰው፣ በዓመት አንድ ማታ። ስትመዘገቡ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲዘጋጅላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚችለው ልጃችሁ ይተርጉምልኝ አትበሉ፤ የሚወሰነው የሱ ጉዳይ ነው። ስትናገሩ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። ይህ ገንዘብ በየዓመቱ የሚመጣ ነው ወይስ አንድ ጊዜ ብቻ? በሱ የተቀጠረው ሰው ገንዘቡ ሲያልቅ በምን ይከፈለዋል? ባይመጣ ኖሮ የማትሠሩት ምን ነበር? ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ በቃለ ጉባኤ የተያዘ ጥያቄ መልስ ባያገኝ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ማንበብ ይቻላል።

እዚህ ሞንጎመሪ ካውንቲ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው። ካውንስሉ የሚያጸድቀው በሜይ ነው። የትምህርት ቦርዱ ሕዝብ የሚሰማው ግን በጃንዋሪ ነው፤ ከጥምቀት ሰሞን።